የጉዲፈቻ ታሪክ፤ ከሜጫ አገር እስከ ሕግ መጽሐፍ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ የወለጋን መንገድ የያዘ ሰው ሆለታን፣ አዲስ ዓለምንና ጊንጪን ካለፈ በኋላ አምቦ ይገባል። በንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ዘመን ሀገረ ሕይወት እየተባለች የጅባትና ሜጫ አውራጃ ዋና ከተማ የነበረችው፥ ዛሬም የምዕራብ ሸዋ ዞን መቀመጫ የሆነችው ይህችው ናት። በገበያዋ መካከል ቆሞ የሚያዳምጥ ሰው አንዱ በኦሮምኛ ሲጠይቅ ሌላው በአማርኛ ሲመልስ፥ ሦስተኛውም ሁለቱን አቀላቅሎ ሲያስማማ ይሰማል። እንዲህ ባለ ስፍራ ቃላትም እንደ ሰው ከቤት ወደ ቤት ይሄዳሉ፤ አንዳንዱ ሄዶ ይመለሳል፥ አንዳንዱም በሄደበት ቀርቶ ቤተኛ ይሆናል።

በሄዱበት ከቀሩት ቃላት አንዱ ጉዲፈቻ ነው። ዛሬ ማንም አማርኛ ተናጋሪ፥ ባልና ሚስት የሌላ ሰው ልጅ ወስደው በፍርድ ቤት አጽድቀው ሲያሳድጉ «በጉዲፈቻ ወሰዱ» ይላል እንጂ ቃሉ ከየት እንደ መጣ አይጠይቅም። ቃሉ ኦሮምኛ ነው። ጉዲሱ ማለት ማሳደግ ሲሆን ጉዲፈቻ ደግሞ ለራስ ማሳደግ፥ የራስ አድርጎ ማሳደግ ማለት ነው። ይህ ጽሑፍ ሊመረምር የተነሣው ቃሉ ከሜጫ አገር ወደ አማርኛው የሕግ መጽሐፍ ሲገባ ምን ይዞ እንደ ገባ፥ ምንስ በደጅ ትቶ እንደ ገባ ነው። ነገሩ የቃል ብቻ አይደለም። የሌላው ሰው ልጅ በምን መንገድ የራስ ልጅ ይሆናል? የወለዱትስ ከዚያ ወዲያ ምኑ ይሆናሉ? ለነዚህ ጥያቄዎች ሕዝቦች የሰጡት መልስ አንድ አይደለም፤ ልዩነቱም በእኛው ዘመን በሺህ የሚቈጠሩ ልጆች ላይ ደርሷል።

በሜጫ ኦሮሞ ዘንድ ሰው የሚቈጠረው በአባቱ ወገን ነው። ልጅ ገና አፉን ሲፈታ የአባቱን፣ የአያቱን፣ የቅድመ አያቱን ስም እየደረደረ እንዲጠራ ይማር ነበር፤ በዚህም ሐረግ ጎሳው ይታወቃል፥ ከማን ጋር መጋባት እንደማይገባው ይለያል። ሜጫዎች ከወንድሞቻቸው ከቱለማዎች ተለይተው ወደ ምዕራብ ባመሩ ጊዜ፥ ይኸውም በ16ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ገደማ፥ የራሳቸውን የገዳ ሸንጎ በኦዳ ቢሲል አቋቋሙ። ይህ ስፍራ ከአምቦ ወደ ምዕራብ በጌዶ አቅጣጫ የሚገኝ ሲሆን፥ ሕግ አውጭውም ማኮ ቢሊ እንደ ነበረ በአፈ ታሪክ ሲነገር ይኖራል። አባ ባሕርይ በ1593 እ.ኤ.አ. በጻፉት አጭር ታሪካቸው ስለ ገዳው አቈጣጠርና ስለ ነገዶቹ የትውልድ ሐረግ ሲተርኩ፥ የዚህን ሕዝብ ብዛትና የግስጋሴውን ፍጥነት በመደነቅ ነው።

ዳሩ ግን አንድ ሕዝብ በአንድ መቶ ዓመት ጊዜ ውስጥ ይህን ያህል አገር ሲሰፍርበት በወሊድ ብቻ ሊበዛ እንደማይችል ግልጽ ነው። ታሪክ ጸሓፊው መሐመድ ሐሰን በ1990 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት መጽሐፋቸው ለዚህ ከሚሰጧቸው ምክንያቶች መካከል ሁለቱ ሥርዓቶች ዋናዎች ናቸው። አንደኛው ሞጋሳ ይባላል። ሞጋሳ ማለት አባ ገዳው በጎሳው ስም፥ በጸሎትና በመሥዋዕት፥ አንድን ሰው ወይም መላውን ነገድ ወደ ጎሳው የሚያስገባበት ሥርዓት ነው። ገቢዎቹ ጎሳው የሚወደውን ሊወዱ፥ የሚጠላውን ሊጠሉ ይምላሉ፤ ከዚያ ወዲያ «ኢልመ ጎሳ»፥ የጎሳ ልጅ ይባላሉ። ሁለተኛው ጉዲፈቻ ሲሆን ይህ የሚመለከተው ነገድን ሳይሆን ልጅን ነው። እንግዲህ ሞጋሳ ሕዝብን የራስ ማድረጊያ፥ ጉዲፈቻ ደግሞ ሕፃንን የራስ ማድረጊያ ነበረ ማለት ነው። ሁለቱ ከአንድ ሐሳብ የተወለዱ መንትዮች ናቸው፤ ዘር የሚገኘው በደም ብቻ ሳይሆን በቃልም ጭምር ነው የሚል ሐሳብ ነው።

የጉዲፈቻው አፈጻጸም ከአገር አገር ይለያይ እንጂ ዋናው መልኩ አንድ ነው። ልጅ የሌላቸው ወይም ወንድ ልጅ ያልወለዱ ባልና ሚስት፥ አንዳንድ ጊዜም ልጅ እያላቸው ለወላጅ አልባው የራሩ ሰዎች፥ ሽማግሌ ይልካሉ። ወላጆች ወይም ዘመዶች ከተስማሙ በኋላ ነገሩ በጓዳ አይፈጸምም፤ የሁለቱም ወገን ሽማግሎች በተገኙበት በአደባባይ ነው። ተቀባዩ ልጁን እንደ አብራኩ ክፋይ ሊያይ ይምላል፥ ሽማግሎችም ይመርቃሉ። ከዚያች ቀን ጀምሮ ልጁ በአዲሱ አባቱ ስም ይጠራል፥ ጎሳውም የአባቱ ጎሳ ይሆናል፥ ይወርሳል። ይልቁንም ተቀባዮቹ መካን ሆነው ልጁን ከወሰዱ በኋላ የራሳቸውን ልጅ ቢወልዱ፥ በጉዲፈቻ የገባው ልጅ አንገፋ፥ ማለትም በኵር መሆኑ አይቀርበትም። አንገፋነት በሜጫ ዘንድ የክብር ስም ብቻ ሳይሆን የመቅደምና የውርስ መብት ያለበት ነገር ስለ ሆነ፥ ይህን ለጉዲፈቻ ልጅ መጠበቅ ቀላል ጉዳይ አልነበረም።

ከዚህ ሁሉ ጋር ግን ልጁ ከየት እንደ መጣ አይደበቅም። የወለዱት ሰዎች ይታወቃሉ፤ በብዙው ዘመድ ወይም ጎረቤት ናቸው። ልጁ ሊጠይቃቸው ይሄዳል፥ እነርሱም በደስታና በኀዘን ቀን ይመጣሉ። ሁለቱ ቤቶች በልጁ ምክንያት ይቀራረባሉ እንጂ አይለያዩም። አንባቢው ይህን ነጥብ በልቡ እንዲይዝልኝ እለምናለሁ፤ ወደ ኋላ ስንመለስበት የነገሩ ሁሉ መፍቻ ሆኖ እናገኘዋለንና።

የቀድሞውን ነገር ሁሉ በማር ለውሶ ማቅረብ የታሪክ ጸሓፊ ሥራ አይደለም። በዚያው በሜጫ አገርና በጊቤ ማዶ የባሪያ ንግድ ነበረ። በሰው ቤት ያደገ ልጅ ሁሉ በጉዲፈቻ የገባ አልነበረም፤ ለጉልበቱ ሲባል የተያዘ፥ ስሙም ጎሳውም ያልተለወጠለት ነበረ። ጉዲፈቻን ከዚህ የሚለየው የቤቱ ቸርነት ሳይሆን የአደባባዩ ምስክር ነበረ። ያለ ምስክር የገባ ልጅ የሚተማመነው በጌታው ጠባይ ብቻ ነው፤ በምስክር የገባ ግን ቢበደል የሚከራከርለት ጎሳ አለው።

ወደ አማራው ወገን ስንመለከት ሥርዓቱ ከመሠረቱ ይለያል። አማራው ዘሩን የሚቈጥረው በአባቱም በእናቱም ነው። ርስት ከሁለቱም በኩል ይወረሳል፥ ሴት ልጅም ከወንድሟ እኩል ትካፈል ዘንድ ሥርዓቱ ይፈቅዳል፤ ጋብቻም በሁለቱም በኩል እስከ ሰባት ቤት ተቈጥሮ ይከለከላል። አለን ሆበን የተባሉት አሜሪካዊ ሊቅ የደጋ ዳሞትን የርስት ሥርዓት አጥንተው በ1973 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት መጽሐፍ ይህን በሰፊው ገልጸውታል። እንዲህ ባለ ሥርዓት ውስጥ አንድ ሰው ወንድ ልጅ ባይወልድም ሐረጉ አይቈረጥም፤ በሴት ልጁ፥ በእኅቱ ልጅ፥ በወንድሙ ልጅ በኩል ርስቱ ወራሽ አያጣም። ስለዚህም የባዕድ ልጅ አምጥቶ ስምና ሐረግ ማስቀጠል በአማራው ዘንድ ያን ያህል አስጨናቂ አልነበረም። እኔ እንደሚመስለኝ፥ ጉዲፈቻን የሚያህል የጠነከረ ሥርዓት በአማራው ባህል ያልበቀለው ፍቅር አንሶ ሳይሆን አስፈላጊነቱ ስላልነበረ ነው።

ይህም ሲባል አማራው የሥጋ ያልሆነ ዝምድና አልነበረውም ማለት አይደለም፤ እንዲያውም ብዙ ነበረው። ወንድ በ40 ቀኑ፥ ሴት በ80 ቀኗ ክርስትና ስትነሣ የሚያነሣው ሰው የክርስትና አባት ወይም እናት ይሆናል፤ የልጁ ወላጅና የክርስትናው ወላጅ ደግሞ አበ ልጅ ይባባላሉ። ይህ ዝምድና እንደ ሥጋ ዝምድና የተከበረ ስለ ሆነ ሁለቱ ቤቶች አይጋቡም። ከዚህ ሌላ የጡት ልጅነት አለ። እንግሊዛዊው ማንስፊልድ ፓርኪንስ በ1840ዎቹ እ.ኤ.አ. በሰሜኑ አገራችን ተቀምጦ ያየውን በ1853 ባሳተመው መጽሐፍ ሲተርክ፥ አንድ ሰው ከእርሱ ከፍ ያለ ሰው ልጅ ሊሆን ሲወድ እጁን ይዞ ጣቱን እንደሚጠባ፥ የተጠባውም ሰው ከዚያ በኋላ እንደ አባት ሊረዳው ግዴታ እንዳለበት ጽፏል። በአንዳንድ አገር ጣቱ ወይም ጡቱ ማር ይቀባ ነበር ይባላል። የሚያስደንቀው በሜጫ ኦሮሞም ዘንድ «ሀርመ ሆዳ»፥ ማለትም ጡት መጥባት የሚባል የዝምድና መንገድ መኖሩ ነው። ማን ከማን እንደ ወሰደ መከራከር ይቻል ይሆናል፤ ለእኔ ግን ሁለቱ ሕዝቦች የልጅነትን ምልክት በአንድ ስፍራ፥ በእናት ጡት ላይ ማግኘታቸው ይበቃኛል።

ከነዚህ ሁሉ ይልቅ በአማርኛ ለጉዲፈቻ የሚቀርበው ቃል ማደጎ ነው። ማደጎም እንደ ጉዲፈቻ ከማደግ የወጣ ቃል ሲሆን፥ በሰው ቤት ያደገውን ልጅ ያመለክታል። ነገር ግን ማደጎ ያደገበትን ቤት ይናገራል እንጂ የገባበትን ዘር አይናገርም። ለዚህ ከምዕራብ ሸዋ ጎረቤት አገር የተገኘ አንድ ታላቅ ሰው ምስክር ይሆነናል። ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ የተወለዱት ከአምቦ በስተ ደቡብ ከወንጪ ማዶ በሚገኘው በጨቦ አገር ነው። በልጅነታቸው በሸዋ ሠራዊት ዘመቻ ተማርከው መጡ፤ በምኒልክ ቤት አደጉ፤ በአገልግሎትና በጀግንነት ከፍ ከፍ አሉ፤ በ1900 ዓ.ም. ምኒልክ ሚኒስትሮችን ሲሾሙ የጦር ሚኒስትር ሆኑ፤ እስከ ታኅሣሥ 1919 ዓ.ም. ዕለተ ሞታቸው ድረስም በመንግሥቱ ውስጥ ቃላቸው ከሚሰማ ሰዎች ግንባር ቀደሙ ነበሩ። አባ መላ የተባሉትም መላ ስለማያጡ ነው። እንግዲህ ስማቸውን እንመልከት። ሀብተ ጊዮርጊስ የክርስትና ስም ነው፥ ያሳደጋቸው ቤት የሰጣቸው ነው፤ ዲነግዴ ግን የወላጅ አባታቸው የኦሮሞ ስም ነው። ያሳደጋቸው ንጉሥ ስሙን አልሰጣቸውም፥ የአባታቸውንም ስም አልነጠቃቸውም። ደጃዝማች ባልቻ ሳፎም እንዲሁ ናቸው፤ ከልጅነታቸው ጀምሮ በጌታ ቤት አድገው ሲያበቁ የሚጠሩት በአባታቸው በሳፎ ነው።

የሁለቱ ባህል ልዩነት ከዚህ ይልቅ ጎልቶ የሚታይበት ስፍራ ያለ አይመስለኝም። በጌታ ቤት ያደገው ልጅ እስከ ጦር ሚኒስትርነት ሊደርስ ይችላል፥ ግን የአባቱ ልጅ ሆኖ ይቀራል፤ በጉዲፈቻ የገባው ልጅ ምናልባት እርሻ ከማረስ በላይ ሹመት አያገኝም፥ ግን ስሙም ሐረጉም ይለወጣል፥ በኵርም ይባላል። አንደኛው ቤት ልጁን በሥራው ይመዝናል፥ ሁለተኛው አስቀድሞ ይቀበለዋል። የትኛው ይሻላል ብሎ መፍረድ አስቸጋሪ ነው፤ የመጀመሪያው የወለዱትን ስም ማክበሩ፥ ሁለተኛው ለልጁ የማይናወጥ ስፍራ መስጠቱ እየራሳቸው ዋጋ አላቸው።

ሁለቱ ሥርዓቶች በአንድ ጣራ ሥር የተገናኙት በከተሞቹ ነው። በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ሩብ፥ በራስ ጎበና ዳጬ ዘመቻና በምኒልክ ሥልጣን የሜጫ አገር ወደ ሸዋ መንግሥት በገባ ጊዜ፥ ወታደሩ፣ ካህኑና ነጋዴው በየጉብታው ሰፈሩ። ምኒልክ በ20ኛው መቶ ዘመን መባቻ አዲስ ዓለምን ዋና ከተማ ሊያደርጉ አስበው ግንብ አስጀምረው ነበር፤ በኋላም ሐሳባቸውን ለውጠው ለቤተ ክርስቲያን ሰጡት። የሰፈራው ታሪክ ያለ ግፍ የተፈጸመ አልነበረም፤ ባለርስት የነበረው ገባር ሆነ፥ የዳኝነቱም ቋንቋ ተለወጠበት። የሆነ ሆኖ ኑሮ ኑሮ ነውና ጎረቤቶቹ ክርስትና መነሣሣት፥ መጋባት፥ ልጅ ማስጠጋት ጀመሩ። ኦሮሞው አማራውን፥ አማራውም ኦሮሞውን አበ ልጅ አለ። ብዙ ልጆችም ሁለት ስም ወጣላቸው፤ አንዱ ለቤተ ክርስቲያን፥ ኋላም ለትምህርት ቤት መዝገብ፥ ሌላው እናትና አያት በቤት የሚጠሩበት። ይህ ሁለት ስም ለአንዳንዱ ቤት በረከት ሲሆን ለአንዳንዱ ደግሞ የራሱን ስም በራሱ አገር የመደበቅ ሸክም ነበረ። አሜሪካዊው ኸርበርት ሊዊስ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. በዚሁ በምዕራብ ሸዋ ሜጫ መካከል ተቀምጠው ሲያጠኑ ያስተዋሉት አንድ ነገር፥ የገጠሩ ጎረቤት በአንድ ጎሳ የተሰበሰበ ሳይሆን ከልዩ ልዩ ጎሳ የመጡ ሰዎች በመረዳዳት የሚኖሩበት መሆኑን ነው። ይህን በመሰለ ስፍራ ዝምድና የሚገኝ ብቻ ሳይሆን የሚሠራም ነገር መሆኑ አያስደንቅም።

የአምቦ አውራጃ ካፈራቸው ሰዎች የስሙን ሐረግ እንደ መጽሐፍ ልናነብለት የምንችለው አንድ ሰው ባለቅኔው ፀጋዬ ገብረ መድኅን ቀዌሳ ነው። በነሐሴ 1928 ዓ.ም. ከአምቦ አጠገብ በምትገኘው በቦዳ ሲወለድ አባቱ ኦሮሞ፥ እናቱ አማራ ነበሩ። አገሪቱ በፋሺስት ጦርነት ላይ ነበረች፥ አባቱም ወራሪውን ለመውጋት ዘምተው ነበር። አያቱ ቀዌሳ የኦሮሞ ስም፥ አባቱ ገብረ መድኅን የክርስትና ስም፥ እርሱ ፀጋዬ የአማርኛ ስም አላቸው፤ በሦስት ትውልድ የከተማይቱ ታሪክ ሁሉ በአንድ ሰው ስም ላይ ተጽፎ ይገኛል። ግእዙን ከቤተ ክርስቲያን፥ ኦሮምኛውን ከአባቱ ወገን ተማረ። በአምቦ ትምህርት ቤት ተማሪ ሳለ ስለ ንጉሥ ዲዮኒስዮስና ስለ ሁለቱ ወንድማማቾች የጻፈው ተውኔት በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ፊት ታይቷል። አንዱ ለሌላው ራሱን መያዣ አድርጎ ስለ ሰጠበት ታሪክ ለመጻፍ የመረጠው ልጅ ከእንዲህ ያለ ቤት መውጣቱ ለእኔ እንዲያው አጋጣሚ ብቻ አይመስለኝም፤ አንባቢው ግን የራሱ ፈራጅ ነው።

በ1939 ዓ.ም. የእርሻ ትምህርት ቤት በአምቦ ከተከፈተ በኋላ ከተማይቱ የተማሪዎች ከተማ እየሆነች ሄደች፤ ዛሬ ያ ትምህርት ቤት አድጎ ዩኒቨርሲቲ ሆኗል። የገጠር ልጅ ለትምህርት ሲል በከተማ ዘመድ ቤት መጠጋቱም የተለመደ ነገር ሆነ። ይህ ጉዲፈቻ አይደለም፥ ማደጎ ማለትም ያዳግታል፤ ልጁ ውኃ ይቀዳል፥ የቤቱን ሕፃናት ይጠብቃል፥ ማታ በኩራዝ ያጠናል፥ ለበዓል ወደ ወላጆቹ ይመለሳል። ከዛሬ አስተማሪዎችና ሹሞች መካከል ስንቶቹ በዚህ መንገድ እንዳለፉ ራሳቸው ያውቁታል።

አሁን ወደ ሕጉ እንመለስ። የፍትሐ ብሔር ሕግ ሚያዝያ 27 ቀን 1952 ዓ.ም. ታወጀ፥ መስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም. በሥራ ላይ ዋለ። ረቂቁን ያዘጋጁት የፓሪሱ ፕሮፌሰር ሬኔ ዳቪድ በፈረንሳይኛ ነበረ። አማርኛው ሲዘጋጅ በአውሮፓ ሕግ ልጅ ያልሆነን ሰው በውል ልጅ ማድረግ ለሚባለው ነገር ስም አስፈለገ። የጡት ልጅ ቢባል የታላላቆችና የአሽከሮቻቸው ነገር ሆነ፤ ማደጎ ቢባል ውርስን አያሳይም፤ የክርስትና ልጅ ቢባል የሃይማኖት ነው። የሌላውን ልጅ በምስክር ፊት በስምና በውርስ የራስ ማድረግን የሚናገር አንድ ቃል በአገሩ ተገኘ፥ እርሱም ጉዲፈቻ ነበረ። አማርኛ መዝገቡን ከፍቶ ቃሉን አስገባ።

ነገር ግን ያው ሕግ በመጨረሻው ክፍል፥ በቁጥር 3347፥ በሕጉ ውስጥ በተመለከቱት ጉዳዮች ቀድሞ በልማድ ይሠራባቸው የነበሩት ደንቦች ሁሉ እንደ ተሻሩ ደነገገ። እንግዲህ ሕጉ ከሜጫው ሽማግሌ ስሙን ተቀብሎ ሥርዓቱን ሻረበት ማለት ነው። ጉዲፈቻ ውል ሆነ፤ ውሉም ፍርድ ቤት ካላጸደቀው ዋጋ የለውም ተባለ። ልጁን ከአላፊ አግዳሚ አሳዳጊ ለመጠበቅ የዳኛ ምርመራ መልካም እንደ ሆነ የሚክድ የለም፤ ሽማግሌም ሊሳሳት፥ ሊደለልም ይችላል። ዳሩ ግን የጠፋ ነገር አለ። በሜጫው ሥርዓት የአሳዳጊው ዘመዶች የመሐላው ባለቤቶች ነበሩ፤ ልጁ የገባው ወደ አንድ ቤት ሳይሆን ወደ ጎሳ ነው። በሕጉ ግን ለአሳዳጊው ወላጆችና ዘመዶች የተሰጣቸው ስፍራ የመቃወም መብት ሆነ፤ ተቃውሟቸውን በፍርድ ቤት መዝገብ ያስጻፉ እንደ ሆነ ጉዲፈቻው በእነርሱ ላይ አይጸናም። ከመራቂነት ወደ ተቃዋሚነት መውረድ ማለት ይህ ነው።

የሆነ ሆኖ አንድ ታላቅ ነገር አልጠፋም። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በቁጥር 183፥ የጉዲፈቻ ልጅ ከተወለደበት ቤተሰብ ጋር ያለው ግንኙነት እንደ ተጠበቀ እንደሚቈይ ይደነግጋል፤ ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ግድ በሚሆንበት ጊዜ ግን የአሳዳጊው ቤተሰብ ይቀድማል። ይህ ሽማግሎቹ ያውቁት የነበረው ነገር ነው፤ ልጁ ሁለት ቤት አለው፥ አንዱ ይቀድማል እንጂ ሌላው አይሞትም። ሕጉ አሳዳጊው ልጁን እንደ ባሪያ ቢይዘው ወይም ሕይወቱን በሚጎዳ ሁኔታ ቢያኖረው ፍርድ ቤት ጉዲፈቻውን ሊሽረው እንደሚችልም ይናገራል። የኦሮሚያ ክልልም በ1995 ዓ.ም. የራሱን የቤተሰብ ሕግ አወጣ።

ቃሉ ባሕር የተሻገረው ከዚህ በኋላ ነው። ከ1990ዎቹ ዓ.ም. ወዲህ የኢትዮጵያን ልጆች ወደ አውሮፓና ወደ አሜሪካ የሚወስዱ ድርጅቶች ቍጥር እያደገ ሄደ። በ2009 እና በ2010 እ.ኤ.አ. በየዓመቱ ከ4 ሺህ በላይ ልጆች ከኢትዮጵያ ወጡ፤ በ2010 ወደ አሜሪካ ብቻ የሄዱት ከ2,500 ይበልጣሉ፥ አገራችንም ልጅ በመስጠት ከቻይና ቀጥላ ተቈጠረች። ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ወደ አሜሪካ የተወሰዱት በጠቅላላው ከ15 ሺህ በላይ ናቸው። ብዙዎቹ በእውነት ወላጅ ያጡ፥ በርኅሩኅ ቤት ያደጉ፥ የተማሩ ናቸው። ሌሎቹ ግን እናት ወይም አባት ያላቸው፥ ድህነት ያስገደዳቸው ነበሩ።

በዚህ ጊዜ የሆነውን ለመረዳት ቀደም ብዬ በልብ ይያዝልኝ ያልሁትን ነጥብ ማስታወስ ያስፈልጋል። ለኢትዮጵያዊው ወላጅ፥ ኦሮሞም ይሁን አማራ፥ ልጅን ለሌላ ሰው መስጠት ሁለት ቤት ማዛመድ ነው። ልጁ ይሄዳል፥ ይማራል፥ ይመላለሳል፥ ሲያድግም የወለዱትን ይረዳል። በአሜሪካ በአብዛኞቹ ግዛቶች ሕግ ግን ልጅ በዚህ መንገድ ሲወሰድ ከወለዱት ጋር ያለው ሕጋዊ ዝምድና ፈጽሞ ይቈረጣል፤ አዲስ የልደት ምስክር ወረቀት በአሳዳጊዎቹ ስም ይጻፋል፥ የቀድሞውም መዝገብ ይታሸጋል። አሳዳጊዎቹ ይህን ያደረጉት በክፋት አይደለም፤ በአገራቸው ልጅን በሙሉ ልብ መቀበል ማለት ይህ ነውና። ወላጁ በፈረመው ወረቀት ላይ ግን የተጻፈው ጉዲፈቻ የሚለው ቃል ነበረ። ፈራሚው የተረዳው የአያቶቹን ቃል፥ ተቀባዩ የተረዳው የአገሩን ሕግ ነው። በአንድ ወረቀት ላይ ሁለት ውል ተፈረመ። ከዚህ በኋላ ደብዳቤ የጠበቀች እናት፥ ደብዳቤው ሳይመጣ ሲቀር የተታለለች ቢመስላት የሚያስደንቅ አይደለም። በእርግጥም የተታለሉ ነበሩ፤ በሕይወት ያለ ወላጅ ሞቷል ተብሎ የተጻፈባቸው፥ የልጁ ዕድሜ የተለወጠባቸው ሰነዶች ተገኝተዋል።

መንግሥት በ2003 ዓ.ም. በቀን እስከ 50 ይደርስ የነበረውን የጉዳዮች ቍጥር ወደ 5 ዝቅ አደረገ። በዚያው ዓመት በአሜሪካ የምትኖር አንዲት ኢትዮጵያዊት ልጅ በአሳዳጊዎቿ በደል መሞቷ የአገሩን ሰው ሁሉ አሳዘነ፤ አሳዳጊዎቹም ተፈርዶባቸዋል። በመጨረሻም በጥር 2010 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የቤተሰብ ሕጉን በማሻሻል የውጭ አገር ሰዎች በጉዲፈቻ ልጅ እንዳይወስዱ ከለከለ። ዐዋጁ ቍጥር 1070 ነው። አንዳንድ ሰዎች ይህ በየሕፃናት ማሳደጊያው የቀሩትን ልጆች ጎድቷል ይላሉ፤ ክርክሩም መሠረት የሌለው አይደለም። በር ሲዘጋ በአገር ውስጥ ሌላ በር መከፈት ነበረበትና፥ የአገር ውስጡ ጉዲፈቻ ደግሞ ብዙ ቤት በምስጢር የሚያደርገው ነገር ሆኗል። ዛሬ በከተማ ልጅ የሚወስዱ አንዳንድ ባልና ሚስት ልጁ እንዳያውቅ ሰፈር ሲቀይሩ፥ ለጎረቤትም እኛው ወለድነው ሲሉ ይታያል። የሜጫ ሽማግሌ ይህን ቢሰማ ምን እንደሚል መገመት አያስቸግርም፤ እርሱ ጉዲፈቻን አደባባይ ያወጣው ልጁን ለማሳፈር ሳይሆን ለማስከበር ነበረና።

ወደ ውጭ አገር ከሄዱት መካከል ዕድሜያቸው ደርሶ የወለዷቸውን ፍለጋ የሚመለሱ አሉ። በገጠር ቀበሌ ተገኝተው በአስተርጓሚ ሲጠይቁ፥ ሽማግሎች መጀመሪያ የሚጠይቋቸው ሥራቸውን ወይም የመጡበትን አገር አይደለም፤ የማን ልጅ ነህ፥ የማን ልጅ ነሽ ነው። መላሹ ፓስፖርቱን ቢያወጣ በላዩ የአሳዳጊዎቹን ስም ያገኛል፤ ማሳደጊያው የሰጠውን ሰነድ ቢያወጣ ሌላ ስም ያገኛል፤ እናቱ በቤት ትጠራበት የነበረው ስም ደግሞ ከሁለቱም ላይ የለም። አንዳንድ ጊዜ በመንደሩ አንዲት አሮጊት ያን ሦስተኛውን ስም ታስታውሰዋለች።